ሲ.ኦ.ፒ ምንድን ነው? ቁጥሩ ብቻውን ለምን አያወዳድርም?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ስለ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከአየር ሙቀት ሰብስቦ ውሃ ስለሚያሞቅ ማሽን፣ «የዚህኛው ሂት ፓምፕ ሲ.ኦ.ፒ 4.2፣ የዚያኛው 3.1፤ ምርጫው ግልጽ ነው» ብሎ ጻፈ። ግልጽ አይደለም ወንድሜ። ባሕር ዳር ላይ ለእንግዳ ማረፊያቸው የውሃ ማሞቂያ የሚገዙ ሰዎች በዚህ ስሌት ብዙ ብር ሊያወጡ ነው።

ሲ.ኦ.ፒ ውሃው ያገኘው ሙቀት ማሽኑ ለበላው መብራት ሲካፈል ነው። 3 ከሆነ፣ ከቆጣሪው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ወስዶ ለውሃው 3 ይሰጣል። ሁለቱን ከአየር ነው ያመጣው። ማሽኑ ሙቀት አይፈጥርም፤ ይሸከማል።

ነገሩ ያለው ሸክሙ ላይ ነው። ከጣና ዳር ጆንያ ተሸክሞ ቤዛዊት ኮረብታ ጫፍ የሚወጣ ሰውና ከኮረብታው ወገብ የተነሳ ሰው እኩል አይደክሙም። መነሻው የአየሩ ሙቀት ነው፤ መድረሻው የውሃው። 3.1 የተለካው በ7 ዲግሪ አየር፣ 4.2 የተለካው በ20 ዲግሪ ከሆነ፣ ከታች የተነሳውን ደካማ ብለን ፈረድንበት ማለት ነው። ጫፉም እንዲሁ፤ ውሃውን 45 ዲግሪ ያደረሰና 60 ያደረሰ አንድ አይደሉም። ጆንያው ቀዳዳ ካለው ደግሞ እህሉ መንገድ ላይ ይፈሳል። ይህ ታንከሩ ቆሞ የሚያባክነው ሙቀት ነው፤ አንዳንዱ ቁጥር ያካትተዋል፣ አንዳንዱ ይዘለዋል። ስለዚህ ሻጩን ጠይቁ፦ በስንት ዲግሪ አየር? ውሃው ከስንት እስከ ስንት?

ደግሞ ልዩነቱን በመብራት አስሉት። 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ ተራው ቦይለር 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ሲ.ኦ.ፒ 3 ያለው 1.4 ገደማ፣ 4 ያለው 1 ገደማ። ትልቁ ቁጠባ የተገኘው ከቦይለሩ ስትወጡ ነው። ከ3 ወደ 4 ለመውጣት እጥፍ ዋጋ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ ቆም ብላችሁ አስቡ።

የእኛ ከተማ አየር ሞቅ ያለ መሆኑ ይጠቅመናል። ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚስበው አየር ያንሳል፣ ከእሱ የሚሰበሰበውም ሙቀት እንዲሁ። ጠባብና ዝግ ክፍል ውስጥም አትትከሉት፤ የራሱን አየር አቀዝቅዞ ሲ.ኦ.ፒውን ራሱ ይጥለዋል።

ብዙዎቹ ሂት ፓምፖች ውስጣቸው መጠባበቂያ ኤለመንት አላቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም እንግዳ በአንዴ ሻወር ከገባ፣ ኤለመንቱ ይነሳል። ያን ጊዜ የምትከፍሉት እንደ ተራ ቦይለር፣ በሲ.ኦ.ፒ 1 ነው።