የ10 ዓመቱ የግንባታ ዋስትና ምንድን ነው?

አክስቴ ቤቷን አሠርታ በገባች በ4ኛው ክረምት የሳሎኗ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ ተሰነጠቀ። ጣት ያስገባል። ኮንትራክተሩ ተጠርቶ መጣ፣ አየና "እትዬ፣ ይሄ እኮ ጥቁር አፈር ነው። እኔ ምን ላድርግ?" አለ። ቀጥሎ ውሉን አወጣ። "ኃላፊነቴ ለ1 ዓመት ብቻ ነው" ይላል። እሷም ፈርማበታለች።

ሁለቱም መልሶች ሕግ ፊት አያስኬዱም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 እንደሚለው፣ ሥራ ተቋራጭ ቤቱን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጽናቱ ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ቢፈርስ ወይም ቢጎዳ፣ ምክንያቱም የአሠራር ጉድለት ወይም የመሬቱ ጠባይ ከሆነ፣ ተጠያቂው እሱ ነው። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ተፈርሞበትም ቢሆን።

"የመሬቱ ጠባይ" የምትለዋ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በላዩ ከተቀመጠ ቤቱም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማያውቅ ግንበኛ አላጋጠመኝም። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በሌላ አፈር መሙላትና መጠቅጠቅ፣ ወይም መሠረቱን እስከ ጠንካራው መሬት ማውረድ። ግን ገንዘብ ይፈጃል፣ ከመሬት በታች ስለሆነም ማንም አያየውም። ስለዚህ ይዘለላል። ሕጉ "አፈሩ ነው" የሚለውን ሰበብ ቀድሞ ዘግቶታል። ባለሙያው አንተ ነህና መሬቱን ማወቅ ያንተ ሥራ ነው እንደማለት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የአገራቸው የ1804 እ.ኤ.አ. ሕግም ለ10 ዓመት ተጠያቂነትን ይደነግጋል፤ ጉድለቱ የመሬቱም ቢሆን።

10 ዓመት የበዛ የሚመስለው ሰው ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ሲሞላ ቆሞ አላየም ማለት ነው። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ፌሮው በልኩ ይግባ፣ ሲሚንቶው ይጉደል፣ በዓይን አይታወቅም። ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ አርማታም ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ያምራል። እንዲህ ያለ ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ርክክብ ላይ ነው። በተለምዶ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ አለ። ከዚያ ብዙ ጊዜ የ1 ዓመት የጥገና ጊዜ ይከተላል፣ በመጨረሻም የመጨረሻው ርክክብ ተፈርሞ ሪቴንሽኑ፣ ማለትም ከተቋራጩ ክፍያ ለመተማመኛ የተያዘው ገንዘብ፣ ይለቀቃል። ያኔ "ተላቀቅን" የሚባባሉ ብዙ ናቸው። ግን የ1 ዓመቱ እንከን ማስተካከያ ነው፤ የ10 ዓመቱ ሌላ ነው። በአጠቃቀም ያረጀ ቧንቧ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ለእሱ ኮንትራክተር ማስጨነቅ ግፍ ነው።

ድንጋጌው ክፍተትም አለበት። ቃሉ የሚናገረው ስለ ተቋራጩ ነው፤ የፈረንሳዩ ግን አርክቴክቱንም በስም ጠቅሶ ነበር። ስለዚህ ቤት ሲሰነጠቅ ተቋራጩ "የዲዛይን ስህተት ነው" ይላል፣ ዲዛይኑን የሠራው አማካሪ "የአሠራር" ይላል፣ ባለቤቱ መሃል ላይ ይንከራተታል። ደግሞ ተቋራጩ ድርጅቱን ዘግቶ ከጠፋ ማንን ትከሳለህ? ፈረንሳዮች በ1978 እ.ኤ.አ. ኢንሹራንስን ግዴታ አደረጉ። መጀመሪያ የባለቤቱ ኢንሹራንስ ለጥገናው ይከፍላል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይጣሉበታል። እኔን ብትጠይቁኝ ከ10 ዓመቱ ይልቅ መቅዳት የነበረብን ይሄኛውን ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቃት የርክክቡን ወረቀት ነው፣ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነውና። ወረቀት አልነበራትም። የተገኘው የቤት ምርቃቱ ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ ከፊት ደግሞ ኮንትራክተሩ ራሱ ዳቦ ሲቆርስ ይታያል።