ስለ ድሮ የቤት ዕቃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአያቱን የዋንዛ ቁምሳጥን ሸጦ በቺፑድ የሚቀይር ቤተሰብ አለ። «ጥንታዊ ነው» ስለተባለ ብቻ ለቤቱ የማይሆን ዕቃ በውድ ገዝቶ ሳሎኑን የሚያጨናንቅም አለ። ሁለቱም ስለ ድሮ ዕቃ የሰሙትን ሳያጣሩ ተቀብለዋል። የድሮ ዕቃ የሚያምረው ቤታችሁ ውስጥ ሥራ ሲኖረው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ያረጀ ዕቃ ሁሉ አንቲክ ነው»

አይደለም። የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ አንቲክ የሚለው ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ዕቃ ነው። ይህ መለኪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚያ በፊት ዕቃው ከ1830 በፊት የተሠራ መሆን ነበረበት። ብዙ ነጋዴዎችም በ100 ዓመቱ ይስማማሉ። ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ ግን የዘመኑን መልክ የያዘ ዕቃ ቪንቴጅ ይባላል። ስለዚህ ከ1960ዎቹ የቀረ ቡፌ ቪንቴጅ ነው። ይህ አያሳንሰውም፤ የአንቲክ ዋጋ ግን አትክፈሉበት።

ዕድሜውን ለመገመት ከፊቱ ይልቅ ጀርባውንና ሆዱን እዩ። መሳቢያውን አውጥታችሁ ገልብጡት። በመስቀለኛ ካቻቪቴ የሚፈታ ብሎን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ብሎኑ ከመጀመሪያው እዚያው የነበረ ከሆነ ዕቃው ከዚያ አይቀድምም። የመሳቢያው ማዕዘን ላይ ያሉት የተጠላለፉ ጥርሶች ሁሉም ፍጹም እኩል ከሆኑ የማሽን ሥራ ነው። ትንሽ ከተለያዩ በእጅ የተቆረጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ክብ ጠረጴዛ ካገኛችሁ ደግሞ በሜትር ለኩት። እንጨት የሚኮማተረው በአብዛኛው በጎኑ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። ብዙ ዘመን የቆየ ክብ ጠረጴዛ በአንድ በኩል ጥቂት ጠብቦ ይገኛል።

«ጥንታዊ ማለት የፈረንጅ ዕቃ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቡት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ሚስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም፣ መገጣጠሚያም የለው። ስለዚህ የሚላላ ነገር የለም። ሦስት እግር መሆኑም ጥቅም አለው፤ ወለሉ ባይስተካከልም አይንገዳገድም። ባለ መደገፊያው የጅማ ወንበርም እንደዚሁ ከአንድ እንጨት ይወጣል። አንዳንዱ ቤት ግን በረንዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል።

ጅማ ከሄዳችሁ ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊን መገልገያዎች ታያላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ስድስት ኪሎ ግቡ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እዚያው ለዕይታ ቀርቧል። በዚያው ሕንፃ ከየብሔረሰቡ የተሰበሰቡ የቤት ዕቃዎች አሉ። የቤተ መንግሥቱን አልጋና የገበሬውን ዕቃ በአንድ ቀን አይታችሁ ዓይናችሁን ካሠለጠናችሁ በኋላ ገበያ ብትወጡ ምርጫችሁ ይለያል።

ስለ እንጨቱም ልጨምር። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ጽድና ዝግባ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ጥሩ የዋንዛ ጣውላ እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም። እቤት ያለውን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

«ከጠቆረና ከተቧጠጠ እውነተኛ ነው»

እንጨት በጭስ፣ በዘይትና በቀለም በአንድ ሳምንት ሊጠቁር ይችላል። እውነተኛ ዕድሜ ቦታ ይመርጣል። በርጩማ ከሆነ መቀመጫው ከመቀመጥ ብዛት ይለሰልሳል፤ እግሩ መሬት የሚነካበት ቦታ ይበላል፤ ውስጥ ውስጡ ግን ሸካራ እንደሆነ ይቀራል። ወንበር ከሆነ የእጅ መደገፊያው ጫፍ ይደበዝዛል። ዕቃው ከላይ እስከ ታች፣ ሆዱ ሳይቀር፣ እኩል ከጠቆረ ተጠራጠሩ።

«በስስ እንጨት ከተለበጠ ርካሽ ነው»

ይህ ከዛሬው ፎርማይካ ጋር ከማምታታት የመጣ ነው። ውድ እንጨትን በስሱ ሰንጥቆ በሌላ እንጨት ላይ መለበጥ የጥንት ግብፆችም ያውቁት የነበረ ጥበብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ነገሥታት ከተሠሩት ምርጥ ዕቃዎች ብዙዎቹ የተለበጡ ናቸው። መመልከት ያለባችሁ ልብጡ መነሳቱንና መፋቁን ነው።

«ገፎ አዲስ ቫርኒሽ መቀባት ዋጋውን ይጨምራል»

ለተራ የ1970ዎቹ ጠረጴዛ ችግር የለውም፤ አድሱት፣ ተጠቀሙበት። ለእውነተኛ አንቲክ ግን የመጀመሪያው ቅባት የዕቃው ታሪክ ነው። በሸካራ ወረቀት ከተፈገፈገ አይመለስም፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ከመንካታችሁ በፊት በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አልኮል ሞክሩ። ቅባቱ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ የሚባለው የድሮ ቫርኒሽ ዓይነት ነው። ሼላክ በአሮጌ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው፤ ሲጎዳም ባለሙያ በዚያው በሼላክ ሊጠግነው ይችላል።

እዚህ ላይ የራሳችሁ ጠባይ ይመጣል። ሼላክ ላይ ትኩስ ስኒ ብታስቀምጡ ነጭ ክብ ይተዋል። እንግዳ የሚወድ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ቡና በየቀኑ የሚፈላበት ቤት ከሆነ እንዲህ ያለውን ጠረጴዛ ገዝታችሁ እንግዳችሁን አትቆጡ። ጭረት የማይታይበት ያልተቀባ ወፍራም እንጨት ምረጡ። ጸጥታ የሚወድና ብቻውን የሚኖር ሰው ግን ሼላኩን ተንከባክቦ ይደሰትበታል።

«ቀዳዳ ካለው ነቅዟልና ይጣል»

ቀዳዳው ነፍሳቱ የወጡበት በር ነው። ከዓመታት በፊት የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ከታች ነጭ ወረቀት አንጥፋችሁ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። አዲስ የእንጨት ዱቄት ከወረደ ገና ሕይወት አለ፤ ከሌላው ዕቃ ለዩትና አሳክሙት። ካልወረደና እግሩ ጠንካራ ከሆነ ግዙት። እኔ ይበልጥ የምፈራው ትኋንን ነው። የአልጋ መገጣጠሚያና የሶፋ ስፌት በባትሪ ሳይታይ ወደ ቤት አይግባ።

«ለኮንዶሚኒየም አይሆንም»

ትልቅ የሚመስለው የአውሮፓ ቁምሳጥን ብዙ ጊዜ በሽብልቅና በካስማ የተያያዘ ነው፤ ተፈታቶ ደረጃ ይወጣል። በሩን፣ የደረጃውን መታጠፊያና የዕቃውን ሰያፍ ርዝመት ለክታችሁ ሂዱ። ሁሉንም ከአንድ ዘመን ማድረግም ግዴታ አይደለም። የዛሬ ሶፋ አጠገብ አንድ የድሮ ሳጥን ብዙ ይናገራል፤ ብርድ ልብስም ይይዛል።

«እንጨት ስለሆነ ለልጅ አደጋ የለውም»

እርሳስ ያለበት ቀለም በአሜሪካ ከቤት ዕቃ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ኢትዮጵያ ገደብ ያወጣችው ከዚያ እጅግ ዘግይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የሚላላጥ አሮጌ ቀለም ያለበትን ዕቃ ልጅ የሚያኝክበት ቦታ አታስቀምጡ፤ በደረቁም አትፈግፍጉት። አሮጌ የሕፃን አልጋ ለመኝታ አይሁን። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተው ዓይነት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ሕፃናት ሞተውበታል። ረጅም ቁምሳጥን ደግሞ ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

«ውጭ አገር ወስጄ ሳሎኔን አስጌጥበታለሁ፤ ምን ችግር አለው?»

ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቅርስ ሊሆን የሚችል ዕቃ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ አይወጣም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ይከለክላል። ዕቃውን አስቀድማችሁ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩ።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲበራ የቤት ውስጥ አየር በጣም ይደርቃል። ከአንድ ግንድ የወጣ በርጩማ ዙሪያውና ውስጡ እኩል ስለማይኮማተሩ ይሰነጠቃል። ከማሞቂያው አርቁት፤ የክፍሉን እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ለማቆየት ሞክሩ። ከተሰነጠቀም ስንጥቁን በጠንካራ ሙጫ አትሙሉት። ብርዱ አልፎ እርጥበት ሲመለስ እንጨቱ መስፋቱ አይቀርም፤ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ በሌላ ጎኑ ይፈነዳል።