የበዓላት ልዩነትና የሥራ ቀን ዕቅድ በአዲስ አበባ ዳርቻዎች

ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ ያለው የፋብሪካና የግንባታ አካባቢ ከፊሉ በአዲስ አበባ አስተዳደር፣ ከፊሉ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሥር ነው። በአዋጅ የተደነገጉት የሕዝብ በዓላት በሁለቱም ወገን አንድ ናቸው። ሥራ የሚቆምባቸው ቀናት ግን አንድ አይደሉም፤ ሠራተኛው ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ በየትኛው ደብር ደጃፍ እንደሚያልፍና ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ ይለያያሉ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወር ደመወዝተኛ በበዓል ቀን ባለመሥራቱ አይቀነስበትም። ከሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይታሰብለታል፤ የሰዓት ክፍያው 30 ብር ከሆነ ስምንት ሰዓት ለሠራበት በዓል 480 ብር ማለት ነው። በበዓል ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ2.5 ይባዛል። በዓሉ እሁድ ላይ ቢውል ክፍያው አይደራረብም። የቀን ሠራተኛ የበዓል ክፍያ ግን የሚወሰነው በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ነው። በግንባታ ቦታ የበዓል ማግስት ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚነሳው ይህ ሲቀጠሩ ሳይጻፍ ስለሚቀር ነው።

ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች፣ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር፤ በ2020ም ይሆናል። በፈረንጆቹ ሲቆጠር ገና ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም፤ ጥምቀት ግን በዚያ ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ያልፋል። ከውጭ ገዢ ጋር የሚሠራ ድርጅት የዓምናውን ሰሌዳ እንዳለ ሲገለብጥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥምቀት በሕግ አንድ ቀን ነው፤ ዳርቻው ላይ ግን ወደ ሦስት ቀን ይጠጋል። ጥር 10 ከተራ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ታቦታት ይወጣሉ። የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ጃንሜዳ የከተማው እምብርት ቢሆንም የዳርቻው አካባቢ ሁሉ የራሱ ባሕረ ጥምቀት አለው፤ ሥርዓቱም ሆነ የሕዝቡ ድምቀት ከመሀል ከተማው አያንስም። የሚካኤል ደብር ባለበት መንገድ ሲሚንቶም ሆነ አሸዋ ጥር 12 እንዲገባ ማዘዝ መኪናውን ቀኑን ሙሉ አስሮ ማዋል ነው። ጭነቱ ጥር 9 ማታ ገብቶ ቢያድር ይሻላል። ኅዳር 12፣ ታኅሣሥ 19 እና ጥር 21ም በአዋጁ ውስጥ የሉም፤ ቆፋሪው ግን ዶማ አያነሳም። የታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲቃረብ ደግሞ ብዙ ሹፌር ወደ ቁልቢ ስለሚጓዝ መኪና አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው መስከረም ነው። መስቀል በሰሌዳው ላይ መስከረም 17 ብቻ ነው። ለጉራጌና ለጋሞ ተወላጆች ግን ዓመት ሙሉ የተቆጠበበት፣ ዘመድ ከያለበት የሚሰበሰብበት በዓል ስለሆነ ጉዞው ከመስከረም 12 አካባቢ ይጀምርና መመለሻው ከ20 በኋላ ይሆናል። አናጢውም ግንበኛውም አብሮ ይሄዳል። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል ኮንክሪት፣ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ካልጠጣ ፀሐይና ነፋስ ላዩን ቶሎ ስለሚያደርቁት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፤ ጥንካሬውም ይጎድላል። ሰባቱ ቀን መስከረም 12 ላይ እንዲሞላ ሙሌቱ ከመስከረም 5 ማለፍ የለበትም። ካለፈ ሮቶውን ሞልቶ፣ ሶሌታውን በረጠበ ጆንያ አልብሶ፣ ጠዋትና ማታ የሚያጠጣ ዘበኛ በስሙ ኃላፊነት ሰጥቶ መሄድ ነው። ሶሌታውን ከሥር የሚደግፈው ምሰሶ፣ ፑንቴሎ፣ ደግሞ ለበዓል ተብሎ ከቀኑ በፊት አይነቀልም። ይህን የሚያውቅ ፎርማን ያለበት ግንባታ በመስከረም አይበላሽም።

ከመስቀል በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ኢሬቻ ይመጣል፤ ቅዳሜ ሆራ ፊንፊኔ፣ እሁድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ። የሆራ ፊንፊኔው ከ150 ዓመት በላይ ተቋርጦ ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. እንደተመለሰ ይነገራል። ቀኖቹ ቅዳሜና እሁድ ስለሆኑ ቢሮን ብዙም አይነኩም። በሳምንት 48 ሰዓቱን በስድስት ቀን የሚያዳርስ ፋብሪካ ግን ቅዳሜውን ያጣል። መንገዶች ስለሚዘጉ በቃሊቲና በገላን በኩል የሚወጣ ጭነት ዓርብ ከቀትር በፊት መነሳት አለበት።

ወደ ሐዋሳ የሚጭን የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ ማወቅ አለበት። ዕለቱን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ቀን ቆጣሪ ሽማግሌዎች ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው ስለሚወስኑት ከደንበኛው ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። ሐረር ላይ ሸዋል ዒድ ከዒድ አልፈጥር አንድ ሳምንት በኋላ ይከበራል። በትግራይ የሕወሓት ምሥረታ የሚታሰብበት የካቲት 11 አለ።

ዒድ አልፈጥር የሚታወቀው በረመዳን 29 ማታ ጨረቃ ስትታይ ነው። ስለዚህ የፈረቃ ኃላፊ ሁለት የስም ዝርዝር ያዘጋጃል፤ አንዱ ዒድ ነገ ከሆነ፣ ሌላው ከነገ ወዲያ ከሆነ። ሁለቱም ከሦስት ቀን በፊት በር ላይ ይለጠፋሉ፤ ዜናው ማታ እንደተሰማ የትኛው እንደሚሠራ ለሰርቪስ ሹፌሮቹ ይደወላል።