ሃይላንዱ ሥር ያለችው ሦስት ማዕዘን

ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ውሃ የጠጣችሁበትን ሃይላንድ ገልብጡት። ሥሩ ላይ ቀስቶች የከበቧት «1» አለች። ብዙ ሰው «ተመልሶ ይሠራል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ቁጥሯ የምትናገረው ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ፕላስቲክ አምራቾች ማኅበር ያወጣው መለያ ነው። 2 ቢጫው ጀሪካን፣ 6 የፎም ምሳ ዕቃ፣ 7 ደግሞ «ሌላው ሁሉ» ነው። ቀስቶቹ ሰው ስላሳሳቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የመለያው መስፈርት በድፍን ሦስት ማዕዘን ተክቷቸዋል፤ የድሮው ቅርጽ ግን ዛሬም ይታተማል።

ተመልሶ መሠራቱን የሚወስነው ገዢ መኖሩ ነው። ቆራሌው ሃይላንድና ጀሪካን ይወስዳል። ፌስታል ስጡት እስቲ፣ ዞር ብሎም አያይም! ይቆሽሻል፤ አንድ ኪሎ ለመሙላትም ስንቱን ያስለቅማል። እናም ነፋስ ወስዶ ደንገሉ ሥር ይወትፈዋል። ሃይላንዱም ቢሆን እንደ ብርጭቆ አይደለም፤ በቀለጠ ቁጥር ጥራቱ ስለሚወርድ ብዙውን ጊዜ ክር ወይም ምንጣፍ ሆኖ ይቀራል፤ ምንጣፉ ሲያልቅ ደግሞ ይጣላል። በዓለም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከተጣለው ፕላስቲክ ተመልሶ የተሠራው 9 በመቶ ገደማ ነው።

«ዜሮ ቆሻሻ» ሲባልም ምንም አይጣል ማለት አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አለመቀበል፣ ቀጥሎ ደጋግሞ መጠቀም፣ ማቅለጥ በስተመጨረሻ። ዘንቢል ይዘው ገበያ የሚወጡ እናቶቻችን ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል። የለስላሳ ባዶ ጠርሙስ በሳጥን መልሳ ሙሉውን የምትረከበው የሰፈራችን ባለሱቅም እንዲሁ።