ስለ ሰይፍ የተለያዩ ወንድሞች

በክርስቶስ የተወደዳችሁ፣ ክርስቲያን የጦር መሣሪያ ሊይዝ ይገባዋልን የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ295 ዓ.ም. በሮማ ነገሥታት ሥር በነበረችው በሰሜን አፍሪካ፣ ቴቬስቴ በምትባል ከተማ፣ ማክሲሚልያኖስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ለውትድርና ተመልምሎ ከአገረ ገዢው ፊት ቀረበ። ቁመቱን ለኩት፤ 5 ጫማ ከ10 ኢንች ሆነ። የወታደርነት ምልክት የሆነውን ማኅተም በአንገቱ ሊያንጠለጥሉለት ሲሉ ግን ክርስቲያን ስለሆነ መዝመት እንደማይችል ተናግሮ እንቢ አለ። አገረ ገዢውም በነገሥታቱ ጭፍራ ውስጥ የሚያገለግሉ ክርስቲያን ወታደሮች እንዳሉ ሲነግረው፣ «የሚበጃቸውን እነርሱ ያውቃሉ፤ እኔ ግን ክርስቲያን ነኝና ክፉ ማድረግ አልችልም» ብሎ መለሰ። ሞት ከተፈረደበትም በኋላ፣ አባቱ ለውትድርናው ያዘጋጀለትን አዲስ ልብስ ለሰያፊው እንዲሰጥለት ለምኖ አንገቱን ሰጠ።

«እነርሱ ያውቃሉ» ያለውን ቃል ልብ እንበል። ለኅሊናው ሲል ሊሞት የተዘጋጀው ይህ ወጣት ሰይፍ በታጠቁት ወንድሞቹ ላይ አልፈረደባቸውም። በዛሬው ክርክራችን የጎደለን ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ ሌላውን ፈሪ ሲለው፣ ሌላው መልሶ ነፍሰ ገዳይ ይለዋልና።

ሁለቱም ወገኖች የሚቆሙበት ቃል አላቸው። «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውንና ጴጥሮስ ሰይፉን ወደ ስፍራው እንዲመልስ የታዘዘበትን ቃል ይዘው፣ ሜኖናውያንና ኩዌከሮች የተባሉት የክርስቲያን ማኅበራት፣ የመጀመሪያዎቹ ከ16ኛው መቶ ዘመን፣ ሁለተኞቹም ከ17ኛው ጀምሮ ጦርነትን እንቢ ብለዋል። በሌላ በኩል መጥምቁ ዮሐንስ ምን እናድርግ ብለው የጠየቁትን ጭፍሮች ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አዘዛቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ መንፈስ ቅዱስም በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት ወርዷል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ጦርነት በሕጋዊ ሥልጣን፣ ለሰላም ሲባል፣ ያለ በቀል ጥማት ብቻ ሊደረግ እንደሚችል ያስተማረው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን የቅዱስ ባስልዮስ ምክር ነው። በጦርነት የገደለውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር አልቆጠረውም፤ ሆኖም እጁ ንጹሕ አይደለምና ለ3 ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢከለከል መልካም ነው አለ። ተገቢ ነው በተባለ ጦርነት እንኳ የፈሰሰ ደም ያስለቅሳል እንጂ በመቅደስ እልል አያሰኝም ማለቱ ነው። ታዲያ የድል ዜና በተሰማ ቁጥር በመድረኩ ላይ የምንጨፍር እኛ ከወዴት ተማርነው?

መድረኩ የፖለቲከኞች መሣሪያ የሚሆነውም በዚሁ በር ነው። ምእመን ዜጋ ነውና ይመርጣል፣ ይሟገታል፣ በደልንም ይቃወማል፤ ይህ መብቱም ግዴታውም ነው። ሰባኪ ግን የአንድን ወገን ድል የእግዚአብሔር ድል ብሎ ሲያውጅ፣ ልጁን በሌላው ግንባር ያጣች እናት በዚያው ጉባኤ ተቀምጣ ለማን ታልቅስ?

ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ የተመዘዘ ሰይፍ የያዘ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ባየ ጊዜ፣ «ከእኛ ወገን ነህን ወይስ ከጠላቶቻችን?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም «አይደለሁም፤ እኔ የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ሆኜ አሁን መጥቼአለሁ» አለው። የጦር አዛዡ ኢያሱ ዳግመኛ ስለ ወገን አልጠየቀም፤ በምድር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሰገደ፣ ጫማውንም አወለቀ።