ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት) ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑ አስነስቶ መጠቀም የቆየ ነገር ነው፤ ክኖፒክስ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይህን በሲዲ ማሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። ዛሬ ሲዲውን ፍላሽ ተክቶታል። ስለ ጉዳዩ ከሚወራው ግማሹ ሰውን በከንቱ ያስፈራል፣ ግማሹ ደግሞ በከንቱ ያዘናጋል። የሚያዘናጋው ይብሳል።

«የወረደውን ፋይል ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ይበቃል»

አይበቃም። እንዲሁ ኮፒ የተደረገ አይሶ (ሥርዓቱን የያዘው የሚወርድ ፋይል) ለኮምፒውተሩ ተራ ፋይል ነው፤ አይነሳበትም። እንደ ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር ባለ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መጻፍ አለበት፣ በዚያን ጊዜም ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ቬንቶይ የተባለው ፕሮግራም ለየት ይላል፦ አንዴ ፍላሹ ላይ ከተጫነ በኋላ የተለያዩ አይሶዎችን ኮፒ አድርጎ፣ ሲነሳ የሚፈልጉትን መምረጥ ይቻላል። ከተጻፈ በኋላ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅ አይደንግጡ፤ ፍላሹ አልተበላሸም፣ ዊንዶውስ ማንበብ አቅቶት ነው። እሺ እንዳይሉት ብቻ።

«ዊንዶውሴን ያጠፋብኛል»

በራሱ አያጠፋም። ሥርዓቱ የሚሠራው ከፍላሹና ከራም (ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ባዶ ከሚሆነው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው፤ የውስጡ ዲስክ የሚነካው ተጠቃሚው ራሱ «ጫን» ሲል ወይም ዲስኩን ከፍቶ ሲጽፍበት ነው። ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ የተባለውን ቶሎ የመነሻ ዘዴ እየተጠቀመ ከሆነ፣ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ በሊኑክስ በኩል ዲስኩ ላይ መጻፍ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ሴኪዩር ቡትን (የታመነ ፊርማ የሌለው ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን የኮምፒውተሩን ቅንብር) ማጥፋት ደግሞ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ ባለ 48 አኃዙን የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ቁልፉ የት እንዳለ ሳያውቁ ቅንብሩን አይንኩ። ደግሞም ኡቡንቱና ፌዶራ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ሴኪዩር ቡት ሳይጠፋም ይነሳሉ።

«ከፍላሽ ከሠራሁ ዱካዬ አይገኝም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብዙም ነገር አለመቅረቱ እውነት ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን ከየትኛው ሥርዓት እንደተነሱ ግድ የለውም። ተራ ኡቡንቱ ከፍላሽ ያስነሳ ሰው የአይፒ አድራሻው (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ለሚከፍተው ድረ ገጽ ይታያል፤ የኔትወርኩ ባለቤትም ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ቴይልስ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። የኢንተርኔት ግንኙነቱን በቶር (የተጠቃሚውን መነሻ በሚደብቅ መረብ) በኩል ያሳልፋል፣ ሲዘጋም ራሙን ያጸዳል። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፦ ቶር እየተጠቀሙ መሆኑ ለኔትወርኩ ይታወቃል፤ በስምዎ ወደተከፈተ አካውንት ከገቡም ማንነትዎን የነገሩት ራስዎ ነዎት። ኪቦርዱ ላይ የሚጻፈውን የሚመዘግብ መሣሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ከሆነም ቴይልስ አያስጥልም።

«ፓስዎርድ ስላለኝ ማንም ፋይሌን አያይም»

የዊንዶውስ መግቢያ ፓስዎርድ የሚጠብቀው ዊንዶውስ ሲነሳ ብቻ ነው። ሊኑክስ ከፍላሽ ያስነሳ ሰው ያልተመሰጠረ ዲስክን ከፍቶ ፎቶውንም ሰነዱንም ያያል። በሌላ በኩል ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ፋይልን ማትረፊያ መንገድም ይኸው ነው። የሚከላከለው የዲስክ ምስጠራ ብቻ ነው፤ ቢትሎከር ወይም የሊኑክሱ ሉክስ።

«የሠራሁት ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ይጠፋል»

እንደ አዘገጃጀቱ ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ሥርዓት በአብዛኛው የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት የታመቀ ፋይል ነው፤ ለውጦቹ ራም ላይ ተደርበው ይቆዩና ሲዘጋ ይሄዳሉ። ለማስቀመጥ ግን ቦታ መመደብ ይቻላል። ሩፈስ ለኡቡንቱ ይህን አማራጭ ይሰጣል፤ የቴይልሱ ማስቀመጫ ደግሞ የተመሰጠረ ነው። ፍላሽ ብዙ ሲጻፍበት ቶሎ ስለሚያረጅ የዋና ሥራዎን ብቸኛ ቅጂ እዚያ አያስቀምጡ።

«ቀርፋፋ ነው»

አሮጌ ፍላሽ ከሆነ፣ አዎ። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ሲሆን 3.0 ግን 5 ጊጋቢት ነው። ፓፒ ሊኑክስን የመሰሉ ትንንሽ የሊኑክስ ዓይነቶች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ስለሚጫኑ ከተነሱ በኋላ ፈጣን ናቸው።

«የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይነሳል»

ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ቺፖች የተዘጋጀ ፍላሽ ኤም1 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ የአፕል ቺፖች ባሏቸው ማኮች ላይ አይነሳም። በሌሎቹ ላይ አልነሳ ካለ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚያየው የውስጡን ዲስክ ስለሆነ ነው፤ እንደ አምራቹ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕን እየተጫኑ ያብሩትና ከዝርዝሩ ፍላሹን ይምረጡ።