ፒቸር ፕላንት ምንድን ነው?

ፒቸር ፕላንት ቅጠሉ ማሰሮ ሆኖ ነፍሳት የሚያጠምድ ተክል ነው። አፉ ዙሪያ ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ያንን ሊልስ የመጣ ዝንብ ወይም ጉንዳን ጠርዙ አንሸራቶት ይወድቃል። ሳራሴንያ የተባለውን የፒቸር ፕላንት ዓይነት የደረቀ ማሰሮ በምላጭ ቁመቱን ሰንጥቃችሁ እዩት፦ ውስጡ ቁልቁል ያዘነበሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ ከሥር ደግሞ ክንፍና ቅርፊት ብቻ የቀረበት ጥቁር ዝቃጭ ተጠቅጥቋል። ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ተክሉ ወስዶታል።

በተፈጥሮ የሚበቅለው ምግብ በሌለው ረግረግ ላይ ስለሆነ ሥሩ ጨውና ማዳበሪያ አይችልም። ለጽጌረዳ የምናደርገው ፍግ፣ አመድና ኮምፖስት እሱን ይገድለዋል። መረሬ አፈርም አይሆነውም። ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የእፅዋት ብስባሽ) እና ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። ፒት ሞስ ከጠፋ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ይተካዋል፤ ግን ጨው ስላለበት በዝናብ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ውሃው ላይ ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ለዚህ ተክል መርዝ ነው። በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ የሟሟ ጨው ባይኖረው ይመረጣል። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ የሐምሌና የነሐሴውን በሮቶ ወይም በጀሪካን አጠራቅሙ። በጋ ላይ ካለቀ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ይሠራል፤ አሲዱ እንዳይሆን ግን በደንብ አረጋግጡ።

2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለችው እንደ ደብረ ብርሃን ላለ ብርዳማ ቦታ የሰሜን አሜሪካው ሳራሴንያ ይሻላል። ደጅ፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ በያዘ ሳህን ውስጥ ይቀመጥ። በዓመት 3 ወር ያህል ብርድ ላይ ማረፍ ስላለበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይስማማዋል፤ ያኔ ቅጠሉ ቢጠወልግ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፣ አፈሩን እርጥብ ብቻ አድርጉት። ኔፔንቴስ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓይነት ግን ውርጭ ስለሚገድለው ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ሳህን ውሃ ላይም አይቁም። አየሩ ሲደርቅ ቅጠል ያወጣል እንጂ ማሰሮ አይሠራም።

የተጠመዱትን ነፍሳት አውጥታችሁ አታጽዱ፤ ምግቡ እነሱ ናቸው። አንዳንዴ ዝንብ ከልክ በላይ ሲሞላበት ማሰሮው ወገቡ ላይ ይበሰብሳል፣ ይሸታልም። አፉን በጥጥ መወተፍ ተጨማሪ እንዳይገባ ያደርጋል። አረንጓዴ ክፍል እስካለው ድረስ አትቁረጡት። ዝንብ የማይገባበት ቤት ውስጥ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዝንብ ለአንድ ማሰሮ ይበቃል። ጥሬ ሥጋ ማሰሮውን ያበሰብሰዋል፤ በፍሊት የሞተ ዝንብም አይሰጥም።